ባሕር የሌላት የባሕር ዳር ከተማ
አንድ ቀን በሚዛን

የጉዞ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች የባሕር ዳር ከተማ ሲገጥማቸው እጃቸው ይፈታል። ማለዳ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሲያራግፉ ያያሉ፤ በጠባቧ የድንጋይ ጎዳና ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ፤ ቀትር ላይ ወደቡ አጠገብ ካለች ቤት ቁጭ ብለው የአገሩን ምግብ ይቀምሳሉ፤ በመጨረሻም አንድ ስኒ ቡና አዝዘው ብዕራቸውን ያነሣሉ። ከተማይቱ እስክንድርያ ትሁን ኔፕልስ፣ ማርሴይ ትሁን ትሪየስት ለውጥ የለውም፤ ያቺ ስኒ ቡና ከጽሑፉ አትጠፋም። እኔም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እየወደድሁ ሳነብ ኖሬአለሁ። ያነበብሁትን መለስ ብዬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዓሣው ከየትኛው ባሕር እንደ ወጣ፣ ወይራው ከየትኛው ኮረብታ እንደ ተለቀመ የሚነግሩን እነዚሁ ጸሐፊዎች ስለ ቡናዋ ሲሆን ዝም ይላሉ። ቡናዋ ከወደቡ የበቀለች ይመስላል።

እኔ ዛሬ ለአንባቢ የማወጋው ባሕር ስለሌላት፣ ነገር ግን በየባሕሩ ዳር ስኒ ውስጥ ስለምትገኝ ከተማ ነው። ሚዛን ተፈሪ ትባላለች። ከአዲስ አበባ በጂማና በቦንጋ አድርጎ፣ የውሽውሽን የሻይ ማሳ አቋርጦ፣ ዱሮ ሸዋ ጊሚራ ትባል የነበረችውን ሸዋ ቤንችን አልፎ፣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደረስባታል። ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን መባል ከጀመረች ሰነባብታለች። በከፋ ክፍለ ሀገር ዘመን የጊሚራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከዚያ የቤንች ማጂ ዞን፣ ከዚያ የቤንች ሸኮ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናት። እንግዲህ አንዲት ከተማ በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ያህል ጊዜ የስም ካባ ከተቀያየረላት፣ በውስጧ የሚኖረው ሰው ስለ ስም ነገር ሆደ ባሻ ቢሆን አይፈረድበትም። ይህን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደዚያ የወሰደኝ ነገር የአባቴ ትዝታ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ክረምት ከበጋ ጭቃና አቧራ እየተፈራረቀበት ቡና ይጭን ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ አንዱ በክር የተሰካ ኮረሪማ ነው፣ ሌላው የጥቁር ማር እንስራ። እናታችን ኮረሪማውን ከጓዳው ግድግዳ ላይ እንደ ጨሌ ታንጠለጥለዋለች። «ከየት ነው አባዬ?» ስንለው «ከጊሚራ» ይለናል። ለእኛ ለልጆቹ ጊሚራ ማለት የሽታ ስም ነበር።

ማለዳ፦ ማኪያቶ

ሚዛን የደረስሁት ማታ ነበርና ከተማይቱን ያየኋት በማግስቱ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። በዓመት ወደ ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ይህ እንደ ወሬ አይቆጠርም። ጉሙ ከኮረብታው ላይ እየተነሣ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እየተነነ፣ ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ፣ ተማሪው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ እየሮጠ፣ ከተማው ነቃ። ካረፍሁበት ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ አልሁና አስተናጋጇን ቁርስ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። እንቁላል ፍርፍር፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ ዳቦ በማርማላታ። የሚጠጣስ? ማኪያቶ።

ማኪያቶው መጣ። የሜዲትራኒያን ባሕር በብርጭቆ ተቀድቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናንሣው። አረቢካ የሚባለው የቡና ዘር ጥንተ መሠረቱ ይኸው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት ካረጋገጡ ቆይተዋል። ከዚህ ደን ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ጀመር። በ1550ዎቹ ኢስታንቡል ላይ የቡና ቤቶች ተከፈቱ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቬኒስና ማርሴይ ቀመሱት። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1719 ነጻ ወደብ ያደረጋት ትሪየስት ደግሞ ከጊዜ በኋላ የቡና ከተማ ሆና ቀረች። በ1901 የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ቡናን በእንፋሎት ግፊት በቶሎ የሚያፈላ መኪና ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣ። ጣሊያኖች ያንን ኤስፕሬሶ በወተት ጠብታ አጠየሙትና «ነጥብ ያረፈበት» ለማለት ማኪያቶ አሉት። ቃሉም ልማዱም ከጣሊያኖች ወደ እኛ ዘልቆ፣ ከአዲስ አበባ እየተንከባለለ፣ ዛሬ ቡናው ከተነሣበት ደን ጫፍ ደርሷል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ፣ አገር ዞሮ፣ ልብስና ስም ቀይሮ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ እናቲቱ እንደ እንግዳ ተቀበለችው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1753 የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ ለተክሉ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት አረቢካ አለው፤ ኤውሮፓ ያወቀው ከዐረቦች እጅ ነበርና። በሌላ አፍ የተሰጠ ስም አንዴ ከተለጠፈ እንዲህ ነው፤ እውነቱ ከታወቀ በኋላም አይላቀቅም።

አስተናጋጇን «ቡናው የዚሁ ነው?» አልኋት። ሳቀች። የሳቋን ትርጉም ቡና የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። በአገራችን ለውጭ ገበያ የሚሆን ደረጃ ያለው ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክል ኖሯል። ምርጡ ባሕር ይሻገራል፤ ተለቅሞ የተጣለው ለባለቤቱ ይተርፋል። የሚዛን ሰው በደጁ የበቀለውን ምርጥ ቡና እንደ ልቡ የሚጠጣው ከራሱ ጓሮ የለቀመው እንደሆነ ነው።

ረፋድ፦ ገበያ

የባሕር ዳር ጸሐፊዎች ወደ ዓሣ ገበያ ይወርዳሉ፤ እኔ ወደ ቅመሙ ወረድሁ። የገበያ ቀን ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ሙዙን በዘለላ፣ ጎደሬውን በክምር፣ ቦዬውን በመደዳ አስቀምጠዋል። ጎደሬ ሥሩ የሚበላ፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ የሚመስል ተክል ነው። ቦዬ ደግሞ ሐረጉ እንጨት ላይ የሚወጣ፣ ሥሩ የሰው ክንድ የሚያህል። ከዚያ ወዲያ ቆጮ በእንሰት ቅጠል እንደ ተጠቀለለ ተደርድሯል። ከዚያ ቅመም፤ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ጥምዝ፣ ኮረሪማ። ወደ ቴፒ በኩል እርዱና ቁንዶ በርበሬው ይበረታል፤ ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት።

ከአንዲት እናት ፊት ቁጭ አልሁ። በክር የተሰካው ኮረሪማ ፊታቸው ተዘርግቷል። አንዱን ክር አንሥቼ አሸተትሁት። ጓዳችን፣ እናቴ፣ የአባቴ የዘይትና የአቧራ ሽታ ያለው ካፖርት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡ። «የደን ነው» አሉኝ ሴትየዋ፤ «የጓሮም አለ፤ ይኼ ግን የደን ነው።»

ኮረሪማ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከከፋዋ ቦንጋ የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ኮረሪማውን፣ ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱንና በቀንድ የታሸገውን ዝባድ ጭኖ በጂማና በሊሙ ኢናርያ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል። ከባሶ ጎንደር፤ ከጎንደር አንዱ መንገድ ወደ መተማና ሱዳን፣ ሌላው ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ከምጽዋ በመርከብ ወደ ስዌዝ፣ ከዚያ ካይሮና እስክንድርያ። በመልሱ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ ይመጣል። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ ጨው ዝናብ የማይለየው ደን ውስጥ ገብቶ ገንዘብ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ወራት ሲያልፍም ዓመት ይፈጅ ነበር።

ነገር ግን ታሪክን ቅመም ቅመሙን ብቻ እየለቀሙ ማውጋት አይገባም። በዚያው መንገድ ሰውም ተነድቷል። ይህ አገር ከከፋ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የባሪያ ፈንጋይ ሲሳይ ነበር። የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ዘምቶ በ1890 ዓ.ም. መባቻ የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾን ከማረከ በኋላም መከራው አልቀለለም፤ እንዲያውም በጊሚራና በማጂ በኩል ባሰ። ገባሩ ለወታደር ተደለደለ። ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥር ተነሺው ጦር ሰውን እንደ ከብት እየነዳ ይወጣ ነበር። ዘመኑን ያዩ መንገደኞች ባዶ ስለ ቀሩ መንደሮች ጽፈዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ካስጠየቋት ነገሮች አንዱ ይኸው የባሪያ ንግድ ነበር። በማግስቱ ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ዐዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የከለከለው ዐዋጅ የመጣው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ገበያው ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ሽማግሌ አያቱ በዚያ መንገድ ሄዶ ያልተመለሰ ቢኖር አይገርምም። በከተማ ጓዳ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ኮረሪማ ይህን ሁሉ አይናገርም። ያሸታል እንጂ።

ሜዲትራኒያን ራሱ ወደዚህ የመጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጋምቤላ ተከፈተች። ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ ግሪኮችና ሶርያውያን በጎሬና በጋምቤላ ሱቅ ከፍተው የደቡብ ምዕራቡን ቡና መግዛት የጀመሩት። ቡናው በበቅሎና በሰው ትከሻ ከደጋው ቁልቁል ይወርዳል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄዳል፤ ከዚያ በባቡር ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ ባሕር። ወንዙ ሲጎድል ንግዱም ይቆማል። ጣቢያዋ ወደ ኢትዮጵያ እጅ የተመለሰችው በ1956 ነው። ባሕር የሌለው ደን ለሃምሳ ዓመት ያህል በዓመት ጥቂት ወር የሚከፈት ወደብ ነበረው ማለት ነው።

ቀትር፦ ገበታ

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ሆቴሌ ተመለስሁና የአገሩን ምግብ እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ። የምግብ ዝርዝሩ መጣልኝ። ጥብስ፣ ክትፎ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ስፓጌቲ። ሜዲትራኒያን እዚህም ቀድሞኛል!

«ቆጮ የለም?» አልሁ።

«ከክትፎ ጋር ቢፈልጉ...» አለች ልጅቷ።

«ጎደሬ? ቦዬ?»

ግራ ተጋብታ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱ እኮ የቤት ነው» አለችኝ።

እሱ እኮ የቤት ነው። ይህችን ቃል ሳላምጣት ዋልሁ። የባሕር ዳር ከተማ ሰው እንግዳ ሲመጣበት የአያቱን ወጥ አውጥቶ ይኮራበታል፤ እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ የራሳችንን ደብቀን የሌላውን እናቀርባለን። የሌላው ሲባል የባሕር ማዶው ብቻ አይደለም፤ ለሚዛን ሰው የሽሮውና የጥብሱ ገበታም ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነው። ከተማው የተቆረቆረው በመጤው ምግብ ዙሪያ ነው። ደኑና ጓሮው የሚያበላው ደግሞ «የቤት» ሆኖ ቀረ።

ልጅቷ ግን ደግ ነበረች። ከምሳ ሰዓት በኋላ ፈረቃዋ ሲያልቅ እናቷ ቤት ወሰደችኝ። ከጓሮው በር እስከ አጥሩ እንሰት ነው፤ በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ በቡናው ሥር ዝንጅብልና ጎመን፣ ከጥግ የሙዝ ዘለላ። አንድ ኩርማን መሬት ላይ ይህን ሁሉ ደርቦ ማብቀል ሊቅነት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? አያትየው ከበሩ ወጥተው እጄን ያዙና ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

ገበታው ቀረበ። የተቀቀለ ጎደሬ በእንፋሎቱ፤ ትኩስ ቆጮ፤ በሥሡ የተከተፈ ጎመን፤ በሚጥሚጣ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተፈጨ ዳጣ፤ በትንሽ ሳህን ደግሞ ጥቁር የደን ማር። ጎደሬው ብቻውን ለስላሳ፣ ከድንች ይልቅ የወፈረ ጣዕም ያለው ነው። ዳጣው ሲነካው ግን ይነሣል። ቆጮው ጎምዘዝ ይላል፤ ማሩ ያንን ጎምዛዛነት ይዞት ይሄዳል። በላሁ፤ ጨመሩልኝ፤ በላሁ።

ስለ እንሰት አንዳንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ተክሉ ከተተከለ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ይደርሳል፤ ደርሶም ቶሎ አይጠፋም፤ ዝናብ ቢያጥር ይታገሣል። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እህል አንድ ክረምት ከከዳው ሰው ይራባል፤ የእንሰት አገር ግን ጎተራው ቆሞ የሚታይ ነው። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ድርቅ በበረታ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሺህ ሰው እያነሣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ጤፍና ማሽላ የለመደው ሰፋሪ ሥር የሚበላበት አገር ገባ። የሰፈራው በደል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ሰፋሪውን በመጀመሪያው ዓመት ጎደሬ ያጎረሰው ጎረቤት እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም።

ጥፋቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ፣ ለማመስገን ፈልጌ፣ «አባቴ ከዚህ ከጊሚራ ኮረሪማ ያመጣልን ነበር» አልሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ መሬት መሬት አየች። አያትየው ግን አልተቆጡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በለሆሳስ፣ «ቤንች በለን፣ ልጄ» አሉኝ። «ያኛውን እነሱ ናቸው ያወጡልን። ቤንች ነን።»

ፊቴ ቀላ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ጊሚራ ከውጭ የተለጠፈ ስም መሆኑን፣ ብዙ ጊዜም በንቀት ይነገር እንደ ነበር መጽሐፍ ላይ አንብቤ አውቅ ነበር፤ ለዚያውም የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥሁ ሰው ነኝ። ማወቅና አፍ ግን ለየብቻ ናቸው። የልጅነቴ የሽታ ስም ለእኚህ ሰው የአያቶቻቸው መነጃ ስም ነበር። አባቴ ክፉ አስቦ አልነበረም፤ መንገዱ ያስተማረውን ቃል ነው ለእኛ ያቀበለን። ክፉ ሳያስቡ የሚያቀብሉት ቃል ግን ከሁሉ ይልቅ ዕድሜ አለው። ከከተማይቱ በፊት ያለፍሁባት ሸዋ ቤንች ከስሟ አንዱን ቃል ስትለውጥ አንድ ታፔላ የተነቀለ መስሎኝ ነበር፤ የተነቀለው ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ምድጃ ዳር ነው።

አያትየው ሳያስቀይሙኝ ጨዋታውን ቀየሩት። ስለ ቋንቋቸው አጫወቱኝ። ቤንችኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ፍቺው የሚለወጥ ቋንቋ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ስድስት ዓይነት የድምፅ ልክ ቆጥረውበታል። እንዲህ ስለሆነም በፉጨት ይነገራል። ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ቢያፏጩት ሰሚው ይረዳዋል። «ከዚህ ማዶ ኮረብታ ላለ ሰው መልእክት እናደርስ ነበር» አሉና አፏጩ። ልጅቷ ከጓሮ «አቤት!» ብላ መጣች። ሁላችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ፦ በበቃ

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄ የበበቃን የቡና እርሻ አየሁ። በአገራችን በስፋቱ ቀዳሚ ከሚባሉት የቡና እርሻዎች አንዱ ነው፤ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር መደዳውን የተተከለው ቡና ዓይን እስኪሰለች ይዘልቃል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛወረ። በለቀማ ወራት ከሩቅ አገር ሳይቀር ለቃሚ ይመጣል። በግቢው ውስጥ እሸቱ ይታጠባል፣ ጀንፈሉ በአልጋ ላይ ይሰጣል።

ከዚህ ወደ ማጂ በኩል ደግሞ ጌሻ የሚባል አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ማጂ ላይ ቆንስላ በነበራቸው ዘመን ከዚያ አካባቢ ደን የቡና ዘር ተለቅሞ ወጣ። ዘሩ ታንዛኒያ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ተከፋፈለ። ዛፉ ቀጭን፣ ምርቱም አነስተኛ ስለ ነበር ለብዙ ዓመት ልብ ያለው አልነበረም። በ2004 ግን የፓናማ ቡናዎች ሲወዳደሩ አንድ እርሻ ይህንኑ ቡና ለብቻው አቀረበና ዳኞቹን አፍ አስያዘ። በዚያ ዓመት አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ወጣ። በ2019 በተካሄደ ጨረታ የዚሁ ዘር ቡና አንዱ ፓውንድ 1029 ዶላር ተሸጠ። ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም! ስሙንም «ጌይሻ» ብለው ስለ ጻፉት ብዙ ጠጪ የጃፓን ዘፋኞች ስም ይመስለዋል። የተሸጠው ቡና ነው፤ የተሳሳተው የአገሩ ስም ነው፤ ለአገሩ የደረሰው ግን የለም። ስምና ዋጋ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ዘሩ ተለቅሞ የወጣበት ደን ቢጠፋ ደግሞ ሌላ ጌሻ ከየትም አይመጣም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግበዋል። መዝገብ ብቻውን መጥረቢያ አይመልስም። እስከ ዛሬ ደኑን ያቆየው ማሩን፣ ኮረሪማውንና ቡናውን ከደኑ የሚወስድ፣ ስለዚህም ዛፉን የማይቆርጥ ሰው ነው። ይህ ሰው ከደኑ የሚያገኘው ካነሰበት ዛፉን ምን ብሎ ያቆየዋል?

ማታ፦ ጨሞ

ወደ ሚዛን ስመለስ መሽቶ ነበር። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር፣ አንዲት እናት ከሰል ላይ ትልቅ ጀበና መሰል ማሰሮ ጥደው ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ባለ ባጃጁ፣ ተሸካሚው፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁጭ ብለው የሚተን ነገር ይጠጣሉ። «ጨሞ ነው፤ ይምጡ» አሉኝ።

ጨሞ የቡና ቅጠል መጠጥ ነው። ቅጠሉ ይቆላል ወይም ይደርቃል፤ ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣ፣ ከጤና አዳምና ከሌላም ቅጠላ ቅጠል ጋር ይፈላል፤ ጨው ይጨመርበታል። ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ ማጃንጉም በየስሙና በየአሠራሩ ይጠጣዋል። በምሥራቅ የሐረር ሰው ኩቲ የሚለው የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ጠጣሁት። መጀመሪያ ሾርባ ይመስላል፤ ከዚያ ሻይ ይመስላል፤ ከዚያ ሚጥሚጣው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ራሱን ይመስላል። ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ ገላዬ ሞቀ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የኤውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቀደ። የፈቀደው «ከሦስተኛ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ» በሚል ክፍል ነው፤ በዚህ ክፍል ለመግባት ምግቡ ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ ለ25 ዓመት ያለ ጉዳት ሲበላና ሲጠጣ የኖረ መሆን አለበት። 25 ዓመት! እኚህ እናት ማሰሮውን የወረሱት ከእናታቸው ነው፤ እናታቸው ደግሞ ከእናታቸው። ነገ በትሪየስት ወይም በማርሴይ ወደብ ያለች አንዲት ቡና ቤት የቡና ቅጠል ሻይ በሚያምር ብርጭቆ ብታቀርብ፣ ከዚያም ከስንት ዓመት በኋላ ቄንጠኛ የባሕር ማዶ ስም ይዞ ወደ ሚዛን ሆቴሎች ቢመለስ፣ እንደ ማኪያቶው በክብር እንቀበለዋለን። ያኔ ከታዛው ሥር ያሉት እናት የት ይሆናሉ?

ሴትየዋን ስንት እንደ ጠጣሁ ጠየቅኋቸው። ሦስት ነበር። የከፈልሁት ገንዘብ የጠዋቱን የአንዷን ማኪያቶ ዋጋ አልሞላም።

በማግስቱ ማለዳ ከመሄዴ በፊት አስተናጋጇ ልጅ ሂሳብ ይዛ መጣች። «ምን ላምጣልዎ? ማኪያቶ?» አለችኝ።

«ጨሞ አለ?» አልኋት፣ እንደሌለ እያወቅሁ።

ሳቀች፤ ወደ ጓዳው ዞር ብላ ከውስጥ ካለው ሰው ጋር ተነጋገረች። ቤንችኛ ስለሆነ አልሰማሁትም። ተመልሳ መጣችና፣ «ዛሬ የለም፤ ሲመለሱ ግን ይኖራል» አለች። አባባሏ ለወጉ ይሁን ከልቧ አላውቅም። አውቶቡሱ በሸዋ ቤንች በኩል ሲያልፍ በመስኮት የታፔላውን ስም ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ለእናቴ የገዛሁት አንድ ክር ኮረሪማ አለ። ከየት ነው ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላትን አሁን አውቃለሁ።